አምቡላንስ ከመከራየት በፊት ደቂቃውን መቁጠር

ከጉለሌ እስከ የካ ክፍለ ከተማ የተዘረጋው የእንጦጦ ተራራ ቀድሞ የሚታወቀው በባሕር ዛፉ፣ በአብያተ ክርስቲያናቱና ማገዶ ተሸክመው በሚወርዱት እናቶች ነበር። የእንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ከተመረቀ ወዲህ ግን ተራራው ለንግዱ ዓለምም ሌላ ትርጉም አግኝቷል። የእግር ጉዞ፣ ሩጫ፣ የሠራተኞች የቤተሰብ ቀን ወይም የምርት ማስተዋወቂያ ለማዘጋጀት የሚያስብ ድርጅት ከሚያማርጣቸው ሥፍራዎች አንዱ እንጦጦ ሆኗል። ከተራራው ግርጌም፣ ከመገናኛ እስከ ኮተቤ ባለው የየካ ክፍል፣ ባዛሩ፣ ሠርጉ፣ ምርቃቱና የባለአክሲዮኖች ጠቅላላ ጉባዔው ዓመቱን ሙሉ አይቋረጥም።

ለእንዲህ ያለው ዝግጅት በጀት ሲያዝ ድንኳኑ፣ የድምፅ ማጉያው፣ ካናቴራው፣ ምግብና መጠጡ፣ የቪዲዮ ቀረፃው በየተራ ይሰፍራሉ። የሕክምናው ጉዳይ ብዙውን ጊዜ የሚነሳው በመጨረሻ ነው፤ የሚነሳውም «አንድ አምቡላንስ በር ላይ ይቁም» በሚል አጭር ትዕዛዝ ነው። መኪናው ውስጥ ማን እንደሚቀመጥ፣ ምን እንደተጫነበት፣ ሰው ቢወድቅ በስንት ደቂቃ እንደሚደርስና በሽተኛውን ይዞ ወዴት እንደሚሄድ ሳይጠየቅ ፕሮፎርማ ይሰበሰባል፤ ዝቅተኛውን ዋጋ ያቀረበውም ያሸንፋል። ገንዘብ አውጥቶ ሕዝብ የሚሰበስብ ሰው ይህን ግዢ እንዴት ቢፈጽም ይሻላል? የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ይኸው ነው።

ጥራቱ ሲገዛ የማይታይ አገልግሎት

አሜሪካዊው የኢኮኖሚክስ ሊቅ ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው ጥናት ስለ አሮጌ መኪና ገበያ ጽፎ ነበር። ሻጩ የመኪናውን ሕመም ያውቃል፤ ገዥው አያውቅም። ገዥው ደህናውን ከታመመው መለየት ስለማይችል ለሁሉም መካከለኛ ዋጋ ብቻ ይሰጣል። በዚህ ዋጋ መሸጥ ደህና መኪና ላለው ሰው ስለማያዋጣው ከገበያው ይወጣል፤ የታመመው መኪና ይቀራል። አከርሎፍን እ.ኤ.አ. በ2001 ለኖቤል ሽልማት ካበቁት ሥራዎች ዋናው ይህ ነው። የእኛ የመኪና ደላሎች ደግሞ ጥናቱን ሳያነቡ ነገሩን ያውቁታል። ገዥው መካኒክ ይዞ የሚመጣው ለዚህ ነው።

ለሕዝብ ዝግጅት የሚገዛው የሕክምና አገልግሎት ከአሮጌ መኪናም ይብሳል። መኪናውን ቢያንስ አስነስቶ መንዳት ይቻላል። የሕክምና ቡድኑ ችሎታ ግን የሚታየው ሰው ሲወድቅ ብቻ ነው። ዝግጅቱ በሰላም ካለፈ ጎበዙም ሰነፉም አቅራቢ እኩል ምስጋና፣ እኩል ክፍያና እኩል የምሥክር ወረቀት ይዘው ይሄዳሉ። «ባለፈው ዓመትም እነሱ ነበሩ፤ ምንም አልሆነም» የሚለው ምሥክርነት ስለ ዕድል እንጂ ስለ አቅራቢው የሚነግረን ነገር የለም። በመሆኑም ገዥው በዋጋ ብቻ ካወዳደረ የሚጎዳው የሠለጠነ ሰው ቀጥሮ፣ ኦክስጅኑን ሞልቶ፣ መሣሪያውን አስፈትሾ የሚመጣው ነው።

የግል አምቡላንስ ሥራ በአገራችን ገና ወጣት መሆኑም መታወስ አለበት። ፈር ቀዳጁ ጠብታ አምቡላንስ እ.ኤ.አ. በ2008 የተቋቋመው በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የማደንዘዣ ባለሙያ በነበሩት በአቶ ክብረት አበበ ሲሆን፣ መሥራቹ መኖሪያ ቤታቸውን ሸጠው በሦስት አምቡላንሶች ሥራ መጀመራቸው በሰፊው የሚታወቅ ነው። የድንገተኛ ሕክምና ስፔሻሊቲ ትምህርትም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። በዚህ ሙያ በወጉ የሠለጠነ ሰው ከፈላጊው አንፃር ብዙ አይደለም፤ ርካሽም አይደለም። ስለዚህ ከሌሎቹ እጅግ ዝቅ ብሎ የመጣ ዋጋ ሲታይ መጠየቅ ያለበት ጥያቄ «ምን ተቀንሶ ነው?» የሚል ነው። መኪናውና ነዳጁ ለሁሉም ተቀራራቢ በመሆኑ ብዙውን ጊዜ ሊቀነስ የሚችለው ባለሙያው ነው።

የሚገዛው ጊዜ ነው

ልብ በድንገት ሲቆም አንጎል ኦክስጅን ሳያገኝ ከ4 እስከ 6 ደቂቃ ከቆየ መጎዳት ይጀምራል። ደረቱን በእጅ እየተጫነ ደም የሚያዘዋውርለት ሰው ካልተገኘ፣ ዲፊብሪሌተር የሚባለው ልብን በኤሌክትሪክ የሚያስነሳ መሣሪያ በዘገየ በእያንዳንዱ ደቂቃ የመዳን ዕድሉ ከ7 እስከ 10 በመቶ ይቀንሳል። በሌላ አነጋገር መሣሪያው ከ12 ደቂቃ በኋላ ቢደርስ የቀረው ዕድል ከምንም አይቆጠርም። በዓለም አቀፍ ደረጃ የሚመከረው ከመውደቅ እስከ ኤሌክትሪኩ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ነው።

የእግር ኳስ ወዳጆች የዴንማርኩን ክርስቲያን ኤሪክሰንን ያስታውሳሉ። በአውሮፓ ዋንጫ ውድድር ሰኔ 5 ቀን 2013 ዓ.ም. ኮፐንሃገን ላይ ልቡ ቆሞ ሜዳ ላይ ወደቀ። የሕክምና ባለሙያዎቹ መሣሪያቸውን ይዘው ሜዳው ዳር ነበሩና ተረፈ፤ በኋላም ወደ ጨዋታ ተመለሰ። በቦስተን ማራቶን እ.ኤ.አ. በ2013 ፈንጂ ሲፈነዳ 3 ሰዎች እዚያው ሲሞቱ ከ260 በላይ ቆስለዋል። ሆስፒታል ከደረሱት ቁስለኞች ግን አንድም ሰው አልሞተም። ለሯጮች ድካምና ለጡንቻ መኮማተር ተብሎ በማብቂያው መስመር አጠገብ የተተከለው የሕክምና ድንኳን በደቂቃዎች ውስጥ የጦር ሜዳ ሐኪም ቤት ሆኖ ነበር።

እርግጥ ነው፣ ይህ አደጋ በየቀኑ አይደርስም። በአሜሪካ ከ2000 እስከ 2010 እ.ኤ.አ. በማራቶንና በግማሽ ማራቶን የተሳተፉ 10.9 ሚሊዮን ሯጮችን የቃኘ፣ በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ያገኘው 59 ድንገተኛ የልብ መቆም ብቻ ነው። ከ100,000 ሯጭ 0.54 መሆኑ ነው። ይህንን ለስሌት ያህል 1,500 ሰው ወደሚሳተፍበት ሩጫ ብናመጣው ከ120 ያህል ዝግጅቶች በአንዱ ይደርሳል እንደ ማለት ነው። ነጋዴው ይህንን አይቶ «ለእኔ አይደርስም» ቢል አይገርምም። ነገር ግን ከ59ኙ 42ቱ ሞተዋል። ከተረፉት ጋር በእጅጉ ተያይዞ የተገኘው ነገር አጠገባቸው የነበረ ሰው ወዲያውኑ ደረታቸውን መጫን መጀመሩ ነው። ዕድሉ ትንሽ፣ ኪሣራው ግን የማይመለስ ከሆነ ነገር ሰው የሚጠበቀው አስቀድሞ በመክፈል ነው። የእሳት ኢንሹራንስ የሚገባ ነጋዴ ይህንን ሒሳብ ያውቀዋል።

ተራራው የሚጨምረው

የእንጦጦ ከፍታ ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ያልፋል፤ መስቀል አደባባይ ደግሞ 2,350 ሜትር አካባቢ ነው። በእንጦጦ ከፍታ ላይ ሰው በአንድ ትንፋሽ የሚያገኘው ኦክስጅን ከባሕር ወለል ጋር ሲነፃፀር 30 በመቶ ገደማ ያንሳል። ተራራ ሲወጣና ሲወርድ ለኖረው አትሌታችን ይህ ሀብት ነው። ከድሬዳዋ፣ ከአፋር ወይም ከጅቡቲ ትናንት ለመጣ እንግዳ፣ ዓመቱን ሙሉ ቢሮ ለተቀመጠ ሥራ አስኪያጅ፣ የደም ማነስ ወይም የልብ ሕመም ላለበት ሰው ግን ሸክም ነው። በጾም ወራት ባዶ ሆዱን ለሩጫ የሚወጣው፣ የስኳር መድኃኒት ወስዶ ቁርስ የሚዘለውም በዚሁ ውስጥ ይቆጠራል።

ሁለተኛው ብርድ ነው። ተራራው ላይ ፀሐይዋ ስትሸፈንና ዝናብ ሲመጣ በላብ የረጠበ ካናቴራ የለበሰ ሰው በአጭር ጊዜ ይቀዘቅዛል። ግንቦት 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በቻይና ጋንሱ ክፍለ ሀገር በተካሄደ የ100 ኪሎ ሜትር የተራራ ሩጫ ድንገት በመጣ ብርድ፣ ነፋስና ዝናብ ከ172 ተወዳዳሪዎች 21ዱ ሞተዋል። ነፋስ የሚከላከል ልብስ የውድድሩ ግዴታ አልነበረም። ከእንጦጦ ዝግጅት ጋር በርቀትም በክብደትም አይወዳደርም፤ ትምህርቱ ግን ይሠራል። ብርድ ልብስና የሚሞቅ ድንኳን በሕክምናው ዝርዝር ውስጥ መግባት አለባቸው።

ሦስተኛው መሬቱ ነው። ዛፍ ለዛፍ በሚያልፍ ቁልቁለት ላይ ቁርጭምጭሚት ይታጠፋል፣ ክንድ ይሰበራል። በፓርኩ ውስጥ ካሉት መዝናኛዎች ፈረስ ግልቢያና ዚፕላይን ይገኙበታል፤ ከፈረስ የወደቀ ሰው ደግሞ የራስ ቅልና የአንገት ጉዳት ይኖረው እንደሆነ ተጠርጥሮ መያዝ አለበት። እንዲህ ያለውን በሽተኛ ሁለት ጎረምሳ በብብቱ ይዘው ካነሱት ያልተጎዳው አከርካሪ ሊጎዳ ይችላል። መንገድ በሌለበት ሥፍራ በቃሬዛ መሸከም ስድስት ሰው ይፈልጋል፤ በሜዳ 10 ደቂቃ የሚፈጀው መንገድ በዚያ ሰዓት ሊወስድ ይችላል።

ታች ኮተቤ ወይም መገናኛ ባለ አዳራሽ ጠቅላላ ጉባዔ ለሚጠራ አክሲዮን ማኅበር ደግሞ ሌላ ሒሳብ አለ። ባለአክሲዮኖቹ በአመዛኙ በዕድሜ የገፉ ከሆነ ስኳር፣ ደም ግፊትና ልብ ይዘው ነው የሚመጡት። ስብሰባው ይረዝማል፤ ምርጫ ሲኖር ደግሞ ይጋጋላል። እዚያ አስቸጋሪው ነገር ከመካከለኛው ረድፍ ሰው አውጥቶ፣ ደረጃ ወርዶ፣ በቆመው መኪና መካከል አልፎ መንገድ ላይ መድረስ ነው።

መንገዱን ማጠፍ

ከላይ የተጠቀሰው የ3 ደቂቃ ሒሳብ ዝግጅቱን የሚያወጣውን ሰው ሊያስደነግጥ ይችላል። ቦርሳ የተሸከመ ባለሙያ በዳገት ላይ በ3 ደቂቃ የሚደርሰው 400 ሜትር ያህል ነው እንበል። አንድ የሕክምና ነጥብ ወደፊትና ወደኋላ 800 ሜትር ይሸፍናል ማለት ነው። 10 ኪሎ ሜትር ለሆነ አንድ ወጥ መንገድ 12 ወይም 13 ነጥብ ያስፈልጋል፤ ይህን ለመክፈል አብዛኛው አዘጋጅ አቅም አይኖረውም።

መውጫው ግን አለ። ያንኑ 10 ኪሎ ሜትር 2.5 ኪሎ ሜትር በሆነ ቀለበት አራት ጊዜ ማዞር ይቻላል። ያን ጊዜ ሦስት ወይም አራት ነጥብ ይበቃል። ቀለበቱ መኪና ከሚገባበት መንገድ ጋር በሁለት ቦታ እንዲገናኝ ከተደረገ ደግሞ በቃሬዛ የመሸከሙ ጣጣ በእጅጉ ይቀንሳል። ተመልካቹም ሯጩን አራት ጊዜ ያያል፤ ስፖንሰሩም ማስታወቂያው አራት ጊዜ ይታይለታል። የሕክምና ወጪን የሚቀንሰው ትልቁ ውሳኔ ከአቅራቢው ጋር በሚደረግ የዋጋ ክርክር ላይ ሳይሆን ካርታው ሲሣል የሚወሰነው ነው። ስለዚህ የሕክምና አቅራቢው መጠራት ያለበት መንገዱ ከመወሰኑ በፊት ነው። ሥፍራውን ሳያይ በስልክ ዋጋ የሚቆርጥ አቅራቢ ደግሞ በዚሁ ብቻ ሊጠረጠር ይገባዋል።

ከመፈረም በፊት የሚጠየቁ

መጀመሪያ ፈቃዱ። የንግድ ፈቃድ አንድ ነገር ነው፤ የጤና አገልግሎት ለመስጠት የሚያስችል የብቃት ማረጋገጫ ሌላ ነገር ነው። በአዲስ አበባ ይህንን የሚቆጣጠረው የከተማው የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው። የማረጋገጫው ቅጂ ይጠየቅ፤ የታደሰበት ቀንና የተፈቀደው የአገልግሎት ዓይነት ይነበብ። ክሊኒክ ለመክፈት የተሰጠ ፈቃድ አምቡላንስ ለማሰማራት ተሰጥቷል ማለት አይደለም። በመሐል ደላላ ወይም የዝግጅት አዘጋጅ ካለ ደግሞ ውሉ የመኪናውና የባለሙያዎቹ ባለቤት ከሆነው ድርጅት ጋር መሆኑ ይረጋገጥ። ደላላው ኮሚሽኑን ይውሰድ፤ ኃላፊነቱ ግን ከሦስተኛ ሰው ሦስተኛ ሰው ሲተላለፍ መሐል መንገድ ላይ እንዳይቀር።

ሁለተኛ ሰዎቹ። «ሐኪምና ነርስ ይኖራሉ» የሚለው ቃል አይበቃም። በዕለቱ የሚሠማሩት ባለሙያዎች ስም፣ የሙያ ደረጃና የታደሰ የሙያ ፈቃድ ቅጂ ከዝግጅቱ አንድ ሳምንት በፊት ይቅረብ። በድንገተኛ ሕክምና የሠለጠነ ነርስ፣ የድንገተኛ ሕክምና ቴክኒሻን ወይም ፓራሜዲክ፣ ጠቅላላ ሐኪም እያንዳንዳቸው የተለያየ ሥራ አላቸው። በዓይን ሕክምና የተካነ ስፔሻሊስት ለተሰበረ ጭን ወይም ለቆመ ልብ የተሻለ ምርጫ አይደለም። ሌሊቱን ሆስፒታል አድሮ ጠዋት ለዝግጅቱ የሚመጣ ባለሙያም እንዳይኖር ተረኝነቱ ይጠየቅ።

ሦስተኛ ዕቃው። ዲፊብሪሌተር፣ መምጠጫ፣ የኦክስጅን ጭምብልና መተንፈሻ ፊኛ፣ የስኳርና የደም ግፊት መለኪያ፣ ግሉኮስ፣ አድሬናሊን፣ የደም ሥር ፈሳሽ፣ የአንገት መደገፊያ፣ ጠፍጣፋ ቃሬዛ፣ የስብራት ማሰሪያና ደም ማቆሚያ መኖራቸው በዝርዝር ይፈተሽ። የዲፊብሪሌተሩ ባትሪና ደረት ላይ የሚለጠፉት ፓዶች የማብቂያ ቀን አላቸው፤ ቀኑን ማንም ሊያነበው ይችላል። ኦክስጅኑም እንደዚሁ በጌጁ ይታያል። 10 ሊትር የሚይዝ ሲሊንደር በ150 ባር ሲሞላ 1,500 ሊትር ያህል ጋዝ አለው፤ ለአንድ በሽተኛ በደቂቃ 10 ሊትር ቢሰጥ ለሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ያገለግላል። 2 ሊትር የሚይዘው ትንሹ ግን በ30 ደቂቃ ያልቃል። ከእንጦጦ ወርዶ በትራፊክ ውስጥ ሆስፒታል ለሚፈልግ መኪና የሁለቱ ልዩነት ቀላል አይደለም።

አራተኛ መገናኛው። ብዙ ሕዝብ በተሰበሰበበትና በሸለቆ ውስጥ የሞባይል ኔትወርክ ሊጨናነቅ ወይም ሊጠፋ ይችላል። የእጅ ሬዲዮ ፈቃድ የሚጠይቅ በመሆኑ አስቀድሞ ይታሰብበት። መንገዱ ላይ የሚቆሙት አስተናባሪዎች ደግሞ እያንዳንዳቸው የቆሙበትን ነጥብ ቁጥር ይያዙ። «ዛፎቹ ጋ ሰው ወድቋል» የሚል ጥሪ እንጦጦ ላይ ማንንም አያደርስም፤ «ነጥብ 3 እና 4 መካከል» የሚለው ያደርሳል።

ሁለተኛው መኪናና ሆስፒታሉ

አንድ አምቡላንስ ብቻ የቆመበት ዝግጅት አምቡላንስ ያለው እስከ መጀመሪያው በሽተኛ ድረስ ነው። እጁ የተሰበረውን ይዞ ከወረደ በኋላ ልቡ የቆመ ሰው ቢመጣ ቦታው ባዶ ነው። ከዚህ የተነሳ ወይ ሁለተኛ መኪና ይኑር፣ ወይ ቀላል በሽተኞች በሌላ መኪና እንዲወርዱ ይወሰን፣ ወይም አምቡላንሱ እስኪመለስ ዝግጅቱ እንደሚቆም በውሉ ላይ ይጻፍ። ይህን የማቆም ሥልጣን ለሕክምናው ኃላፊ መስጠት ለአዘጋጁ ይከብዳል፤ ስፖንሰሩና የክብር እንግዳው እየጠበቁ ነውና። ቢሆንም ሥልጣኑ ለእሱ ካልተሰጠ በዚያች ሰዓት የሚወስን ሰው አይገኝም።

የቀይ መስቀል 907 እና የእሳትና ድንገተኛ አደጋ 939 የስልክ ቁጥሮች በእያንዳንዱ አስተናባሪ ኪስ መኖር አለባቸው። ነገር ግን እነዚህ ለመላው ከተማ የተዘጋጁ ናቸው፤ ለአንድ ድርጅት ሩጫ ዋና ዕቅድ ሊሆኑ አይገባም። በሌላ በኩል በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተውን ቀይ መስቀል ማኅበር በደብዳቤ አስቀድሞ ማነጋገር ይቻላል። ይህ በተለይ በጀት ለሌላቸው ይጠቅማል። የካቲት 16 ኪዳነ ምሕረትን ለማክበር ወደ እንጦጦ የሚወጣውን ምዕመን የሚያስተናግዱ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ለምሳሌ የደረት መጫንን፣ ደም ማቆምንና ራሱን የሳተን ሰው በጎኑ ማስተኛትን ቢማሩ ብዙ ገንዘብ የማይገዛውን ደቂቃ ያገኛሉ።

ወዴት እንደሚኬድም በሽተኛው ሳይመጣ ይወሰን። በየካ ክፍለ ከተማ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል አለ፤ በምሥራቅ በኩል በኮቪድ ወቅት ስሙ የታወቀው ኤካ ኮተቤ አጠቃላይ ሆስፒታል አለ። ስድስት ኪሎ ያለው የካቲት 12 በቃጠሎ ሕክምናው ይታወቃል። በጳውሎስ ሥር ያለው አቤት ሆስፒታል ለከባድ የአካል ጉዳት የተቋቋመ ነው። ቅርቡ ሁልጊዜ ትክክለኛው አይሆንም፤ ትክክለኛውም ሁልጊዜ አልጋ አይኖረውም። በመሆኑም አቅራቢው ከሁለት ሆስፒታሎች ጋር አስቀድሞ ተነጋግሮ የተረኛውን ስልክ ይያዝ። መንገዱንም ዝግጅቱ በሚውልበት ዕለትና ሰዓት ነድቶ ይለካ። የእሁድ ጠዋት መገናኛና የዓርብ ማታ መገናኛ ሁለት የተለያዩ ከተሞች ናቸው።

ሐኪም የማይሸፍነው

የሕክምና አቅራቢ መግዛት ለጥንቃቄ ምትክ ሊሆን አይችልም። በ2012 ዓ.ም. የጥምቀት በዓል በጎንደር ከእንጨት የተሠራ የተመልካች መቀመጫ ተደርምሶ ቢያንስ 10 ሰዎች ሞተዋል። መስከረም 21 ቀን 2018 ዓ.ም. ደግሞ በምንጃር ሸንኮራ አረርቲ ማርያም ቤተ ክርስቲያን በግንባታ ላይ የነበረ የእንጨት መወጣጫ ሕዝብ በተሰበሰበበት ተንዶ ቢያንስ 36 ሰዎች አልፈዋል፤ ብዙዎች ቆስለው ከባድ ጉዳት የደረሰባቸው ወደ አዲስ አበባ ሆስፒታሎች ተልከዋል። እንዲህ ላለው አደጋ በር ላይ የቆመ አምቡላንስ የሚያደርገው ነገር ጥቂት ነው። ልምድ ያለው አቅራቢ የሚለየውም እዚህ ላይ ነው። ሥፍራውን ሊያይ ሲመጣ መድረኩን ማን እንደሠራው፣ መውጫ በሮቹ ስንት እንደሆኑ፣ ጄኔሬተሩ የት እንደሚቀመጥ፣ መጠጥ ይሸጥ እንደሆነና ውኃ በየስንት ሜትሩ እንደሚታደል ይጠይቃል። ጥያቄው የሚያሰለች ቢሆንም ገንዘቡ የሚከፈለው በከፊል ለዚሁ ነው።

ዋጋውና ውሉ

ዋጋ ሲነፃፀር በጠቅላላ ድምር ሳይሆን በነፍስ ወከፍ ቢሰላ ነገሩ ይጠራል። ለስሌት ብቻ ያህል፣ አንዱ አቅራቢ 60,000 ብር፣ ሌላው 90,000 ብር ጠየቁ እንበል። 30,000 ብር ብዙ ይመስላል። ለ1,500 ተሳታፊ ሲካፈል ግን ልዩነቱ በሰው 20 ብር ነው። በዚያ 20 ብር የሚገኘው ሁለተኛ መኪናና ሁለት ተጨማሪ ባለሙያ ከሆነ ውድ የተባለው ርካሹ ነው። ውድ መሆኑ ብቻ ግን የጥራት ማስረጃ አይደለም፤ ሁለቱም አቅራቢዎች ዋጋቸውን በመኪና፣ በባለሙያ፣ በሰዓትና በዕቃ ዘርዝረው እንዲያቀርቡ መደረግ አለበት። ያልተዘረዘረ ዋጋ አይነፃፀርም።

ውሉ ቢያንስ እነዚህን ይያዝ፦ የባለሙያዎቹን ስም፤ ቡድኑ የሚደርስበትንና የሚሄድበትን ሰዓት፤ በእያንዳንዱ ነጥብ በስንት ደቂቃ እንደሚደርስ፤ አምቡላንሱ ሲወጣ ማን እንደሚተካ፤ ሆስፒታል ሲደረስ መያዣውን ማን እንደሚከፍል፤ የሙያ ኃላፊነት ኢንሹራንስ መኖሩን። ክፍያውም በደረጃ ይሁንና የተወሰነው ገንዘብ ስንት ሰው፣ በምን ሕመም፣ በስንት ደቂቃ እንደታከመ የሚገልጽ፣ የበሽተኛ ስም የሌለበት ሪፖርት እስኪቀርብ ይያዝ። ይህ ሪፖርት ለሚቀጥለው ዓመት ገዥ ብቸኛው እውነተኛ የምሥክር ወረቀት ነው።

ውል መኖሩ ግን አዘጋጁን ሙሉ በሙሉ ነፃ ያወጣል ተብሎ አይታሰብ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2028 በጥፋቱ ሌላውን የጎዳ ሰው እንዲክስ ያስገድዳል። ፈቃድ ሳይጠይቅ፣ ሥፍራውን ሳያስጎበኝ፣ በዋጋ ብቻ መርጦ ያስገባ አዘጋጅ ፍርድ ቤት ቢቀርብ ጥንቃቄውን የሚያስረዳለት ወረቀት አይኖረውም። ጠይቆ፣ ፈትሾ፣ በጽሑፍ የያዘው ግን ይኖረዋል።

በመጨረሻ መካኒኩን የሚተካ አንድ ፈተና አለ፤ ገንዘብም አያስወጣም። ከዝግጅቱ አንድ ቀን በፊት አንድ ሰው ከመንገዱ ሁሉ ሩቅ በሆነው ነጥብ ይተኛ። አስተናባሪው ይጥራ፤ ቡድኑ መሣሪያውን ይዞ ይድረስ፤ ሰውየውን በቃሬዛ ተሸክሞ መኪናው ድረስ ያውርድ። አዘጋጁ ሰዓቱን ይዞ ይቁም። ውሉ 4 ደቂቃ ብሎ ሰዓቱ 11 ካለ ነጥብ ለመጨመር፣ መንገዱን ለማጠፍ ወይም አቅራቢውን ለመለወጥ አንድ ቀን ቀርቶታል።